ሻጋታ ምግቡን እንዴት ነው የሚበላው? ስለ ዳቦ ሻጋታና ስለ ፈንገሶች አመጋገብ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዳቦ ላይ የወጣ ሻጋታ ያላየ ሰው የለም፣ ግን አብዛኞቻችን አይተን ፊታችንን አጨማደን እንጥለውና እንረሳዋለን። እኔ ይሄን ነገር በጣም ስለምወደው ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤ ልመልስ ብያለሁ። የሚበዛው ስለ አመጋገቡ ነው፣ እሱ ከገባችሁ ደግሞ ሌላው ጥያቄ ሁሉ ማለት ለምን ቶሎ እንደሚሰራጭ፣ ለምን እርጥበት እንደሚወድ፣ ለምን የሻገተውን ቆርጦ መጣል እንደማይበቃ፣ ሁሉም ከሱ ነው የሚመዘዘው።

ሻጋታ አፍ የለው ሆድ የለው፣ ታዲያ በምን ይበላል?

እኛ መጀመሪያ እንጎርሳለን፣ ከዛ እናኝካለን፣ ከዛ ጨጓራና አንጀት ውስጥ ይፈጫል፣ መጨረሻ ላይ ነው የተፈጨው ወደ ደም የሚገባው። ሻጋታ ይሄን ቅደም ተከተል ገልብጦታል። መጀመሪያ ውጭ ላይ ይፈጫል፣ ከተፈጨ በኋላ ነው ወደ ሰውነቱ የሚያስገባው። ዳቦው ላይ ተዘርግቶ ከሰውነቱ ኢንዛይም የሚባሉ ምግብ የሚፈጩ ነገሮችን ወደ ዳቦው ይረጫል፣ ዳቦው እዛው በተቀመጠበት ይሟሟል፣ ከዛ ሻጋታው ያንን ፈሳሽ በመላ አካሉ ይመጠዋል። ማለትም እኛ ሆዳችን ውስጥ የምንሰራውን ስራ እሱ ዳቦው ላይ ነው የሚሰራው፣ ዳቦው ራሱ ጨጓራው ሆነ ማለት ነው።

ሻጋታ የፈንገስ አንዱ ዓይነት ነው። እኔ ተማሪ እያለሁ "ፈንገስ የሞተና የበሰበሰ ነገር ይመገባል" የሚለውን ሸምድጄ ነው ያለፍኩት፣ እና ለብዙ ጊዜ የገባኝ መጀመሪያ ነገሩ በራሱ ይበሰብሳል ከዛ ፈንገሱ መጥቶ ይበላዋል ተብሎ ነበር። ተገላቢጦሽ ነው። በአብዛኛው መበስበስ የምንለው ነገር ራሱ እነሱ ሲበሉ የምናየው ነው፣ ፈንገሱና ባክቴሪያው እየፈጩት ስለሆነ ነው ነገሩ የሚበሰብሰው። እንዲህ የሞተ ነገር ላይ ኢንዛይም አፍስሶ የሚመገበውን ሳፕሮፋይት ወይም ሳፕሮትሮፍ ይሉታል፣ ትምህርት ቤት መጽሐፍ ላይ ሁለቱንም ልታገኙ ትችላላችሁ፣ እዚህ ጋ አንድ ነው የሚያወሩት።

ኢንዛይሙ ዳቦው ላይ በትክክል ምን ያደርጋል?

ዳቦ በብዛት ስታርች ነው። ስታርች ማለት ደግሞ ግሉኮስ የሚባሉ ትንንሽ የስኳር ቅንጣቶች እንደ ጨሌ ተያይዘው የተሰሩበት ረጅም ሰንሰለት ነው፣ አንዱ ሰንሰለት ላይ መቶዎች አንዳንዴም ብዙ ሺህ ግሉኮሶች አሉ። ይሄ ሰንሰለት በጣም ትልቅ ስለሆነ በሻጋታው ቆዳ በኩል ሊያልፍ አይችልም፣ ስለዚህ መቆረጥ አለበት። ቆራጩ አሚሌዝ ይባላል። አሚሌዝ ሰንሰለቱን ከመሃል እየበጠሰ ያሳጥረዋል፣ ሌላ ኢንዛይም ደግሞ ከጫፍ ከጫፍ አንድ አንድ ግሉኮስ እየነቀለ ያወጣል፣ በመጨረሻ የሚቀረው ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ተራ ስኳር ነው።

ይሄን ነገር አፋችሁ ውስጥ መሞከር ትችላላችሁ። አንድ ጉርሻ ዳቦ ሳትውጡ ቶሎም ሳትሉ አንድ ሁለት ደቂቃ አኝኩት፣ ቀስ እያለ ይጣፍጣል። ምራቃችን ውስጥ ያለው አሚሌዝ ስታርቹን ወደ ስኳር እየቀየረው ስለሆነ ነው። ሻጋታውም የሚያደርገው ያንኑ ነው።

ዳቦ ውስጥ ፕሮቲንም አለ፣ ትንሽ ቅባትም አለ። ለፕሮቲኑ ፕሮቲዬዝ ያወጣና ወደ አሚኖ አሲድ ይበትነዋል፣ ለቅባቱ ላይፔዝ አለው። ስኳሩ ጉልበት ይሰጠዋል ለሰውነቱም መስሪያ ካርቦን ይሆነዋል፣ አሚኖ አሲዱ ደግሞ ናይትሮጅን ያመጣለታል፣ ያለ ናይትሮጅን የራሱን ፕሮቲን መስራት ስለማይችል ስኳር ብቻውን ቢሰጡት አያድግም። እነ ፎስፈረስ፣ ፖታሺየም፣ ማግኒዚየም፣ አይረን ምናምንም ከዛው ከሚበላው ነገር ነው የሚለቅመው።

ያ ጥጥ የሚመስለው ነጭ ነገር ምንድን ነው? ጥቁር ነጠብጣቡስ?

ይሄ ነው ለኔ ደስ የሚለው ክፍል፣ እጅ ላይ የሚያዝ ተራ የማጉያ ሌንስ ካላችሁ ደግሞ በዓይናችሁ ታዩታላችሁ። እኔ አንድ ቁራጭ ዳቦ በሚያሳይ ፕላስቲክ አሽጌ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጬ በየቀኑ አየው ነበር። መጀመሪያ ምንም የለም፣ ከዛ አንድ ጠዋት ሳየው ጠርዙ ላይ የሸረሪት ድር የመሰለ በጣም ስስ ነጭ ነገር ወጥቷል፣ በማግስቱ ድሩ ወፍሮ ጥጥ መስሏል፣ ከዛ ጥጡ ላይ የመርፌ ራስ የሚያካክሉ ነጠብጣቦች መጡ፣ መጀመሪያ ነጭ ነበሩ ኋላ ላይ ጠቆሩ። ሌላ የገረመኝ ነገር ሻጋታው በያዘው አካባቢ ፕላስቲኩ ውስጥ ጤዛ ይቋጥር ነበር፣ ስኳር ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ስለሚወጣ የተወሰነውን እርጥበት ሻጋታው ራሱ ነው የሚሰራው፣ ስለዚህ አንዴ ከጀመረ ለራሱ የሚመቸውን ነገር እያመቻቸ ነው የሚሄደው።

እያንዳንዱ ክር ሃይፋ ይባላል፣ ክሮቹ አንድ ላይ ሲሆኑ ማይሲሊየም ይባላሉ፣ የፈንገሱ ሰውነት ማለት ይሄ ነው። የብዙ ፈንገሶች ሃይፋ ውፍረቱ ከ2 እስከ 10 ማይክሮሜትር ነው፣ የሰው ፀጉር ወደ 70 ማይክሮሜትር ስለሚሆን በጣም ቀጭን ነው ማለት ነው። ቅጥነቱም በከንቱ አይደለም። በመላ አካሉ ለሚመጥ ፍጥረት ከምግቡ ጋር የሚነካካው ቆዳ በበዛ ቁጥር ይጠቅመዋል፣ አንድን ነገር ወፍራም ድፍን አድርጎ ከመስራት በሺህ የሚቆጠር ክር አድርጎ ብትበትነው የሚነካካበት ቦታ እጅግ ይበዛል፣ የኛም አንጀት ውስጡ በጥቃቅን ጣት በሚመስሉ ነገሮች የተሞላው በዚሁ ምክንያት ነው።

ዳቦ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ የሚያወጣው በጣም የታወቀው ሻጋታ ሪዞፐስ ስቶሎኒፈር ይባላል። እሱ ሦስት ዓይነት ክር አለው። አንዱ ልክ እንደ ሰርዶ ዳቦው ላይ አግድም እየሮጠ አዲስ ቦታ የሚይዘው ነው፣ ሁለተኛው በየደረሰበት ቁልቁል ወደ ዳቦው የሚሰርገው ስር መሳይ ክር ነው፣ እሱ ነው አጥብቆ የሚይዘው፣ ኢንዛይም እያፈሰሰ የሚመጠውም በዋናነት እሱ ነው። ሦስተኛው ወደ ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ነው፣ ጫፉ ላይ ያለችው ጥቁር ኳስ ውስጥ ስፖር የሚባሉ እንደ ዘር የሚያገለግሉት በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ቅንጣቶች አሉ። እንግዲህ ዓይናችን ቶሎ የሚይዘው ጥቁር ነገር የሚራባበት ክፍሉ ነው፣ ብዙውን የሚበላው ክፍል ግን ዳቦው ውስጥ ገብቶ ተደብቋል። ይሄን ነገር ያዙልኝ፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ ስለመቁረጥ ስናወራ ያስፈልገናል።

የተሟሟውን ስኳር እንዴት ወደ ውስጥ ያስገባዋል? ዝም ብሎ ይሰርጋል?

ዝም ብሎ አይደለም። የሃይፋው ውጪኛ ግድግዳ ካይቲን ከሚባል ጠንካራ ነገር የተሰራ ነው፣ የነፍሳት ቅርፊት ውስጥ ያለው ዓይነት፣ እሱ ውሃና ትንንሽ ቅንጣት ያሳልፋል። ከሱ ስር ያለው ስስ ሽፋን ግን መራጭ ነው፣ በር በር ያለው። ፈንገሱ ጉልበት እያወጣ ሃይድሮጅን አዮን የሚባል ኤሌክትሪክ ያዘለ ጥቃቅን ቅንጣት ወደ ውጭ ይገፋል፣ አዮኑ ተመልሶ ለመግባት ይጋፋል፣ በሩ የሚከፈትለት ደግሞ ስኳር ወይም አሚኖ አሲድ ይዞ ሲመጣ ነው። በዚህ መንገድ ውጭ ያለው ስኳር ትንሽ ቢሆንም እንኳ ለቃቅሞ ማስገባት ይችላል።

ውስጡ በስኳርና በጨው ስለሚሞላ ውሃ ተከትሎ ይገባል፣ ሃይፋው እንደተነፋ ጎማ ይወጠራል፣ ውጥረቱ ደግሞ ጫፉን ወደፊት ይገፋዋል። ሃይፋ የሚያድገው በጫፉ በኩል ነው፣ ብዙ ኢንዛይም የሚፈሰውም እዛው ጫፉ አካባቢ ነው። ስለዚህ ለሻጋታ መብላትና ማደግ ሁለት የተለያየ ስራ አይደለም፣ የፊቱን እያሟሟ፣ ያሟሟውን እየመጠጠ፣ በመጠጠው እያደገ ወደሚቀጥለው ምግብ ይሄዳል። እግር ሳይኖረው ምግብ ፍለጋ ይሄዳል የሚባለው ለዚህ ነው።

ውጭ ላይ ከፈጨው ሌላው መጥቶ አይሰርቀውም?

በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ይሰርቀዋል። የፈሰሰው ስኳር ባለቤት የለውም፣ አጠገቡ ያለ ባክቴሪያም ሌላ ሻጋታም ሊጠጣው ይችላል። ውጭ የመፍጨት ትልቁ ኪሳራ ይሄ ነው። አንዳንዱ በፍጥነት ነው የሚያሸንፈው፣ ሪዞፐስ ለምሳሌ ቀድሞ ደርሶ ቀላሉን ስኳር ጠርጎ ይጨርሳል። ሌላው ደግሞ ጎረቤቱን የሚያዳክም ኬሚካል ያመነጫል።

የዚህን ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ብቻ ከምግብ ጋር አያይዘን አናየውም። እ.ኤ.አ. በ1928 አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ለንደን የሚገኘው ሴንት ሜሪስ ሆስፒታል ውስጥ ባክቴሪያ የሚያሳድግበት ሳህን ላይ ፔኒሲሊየም የሚባል ሻጋታ ገብቶ አገኘ፣ በሻጋታው ዙሪያ ያለው ባክቴሪያም ሟሙቶ ጠፍቶ ነበር። ከሻጋታው የወጣውን ነገር ፔኒሲሊን ብሎ ሰየመው፣ ለመድኃኒትነት ያበቁት ደግሞ እነ ሃዋርድ ፍሎሪና ኧርነስት ቼይን ናቸው፣ ሦስቱም በ1945 ኖቤል ተሸለሙበት። ሻጋታው ለምን ፔኒሲሊን ያመርታል ሲባል ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ማብራሪያ ምግቡን ከሚሻሙት ባክቴሪያዎች ለመከላከል ነው የሚል ነው። ስንት ሰው ያዳነ መድኃኒት እንዲህ ካለ የማዕድ ሽሚያ መውጣቱን ሳስበው ሁሌም ይደንቀኛል።

ፈንገስ ተክል አይደለም እንዴ?

አይደለም። ለረጅም ጊዜ ከተክል ጋር ይመደብ ነበር፣ ከቦታው ስለማይንቀሳቀስ፣ ስር የመሰለ ነገር ስላለውና እንጉዳይም ከመሬት ስለሚበቅል። ግን ክሎሮፊል የለውም፣ ከፀሐይ ብርሃን ምግብ መስራት አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1969 ሮበርት ዊትከር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ምህዳር ተመራማሪ ሕይወት ያላቸውን ነገሮች በአምስት ሲከፍል ፈንገሶችን ለብቻቸው አወጣቸው፣ አንዱ ዋና መስፈርቱ አመጋገብ ነበር፣ ተክል ምግቡን ይሰራል፣ እንስሳ ይውጣል፣ ፈንገስ ይመጥጣል። በ1990ዎቹ ዘረመላቸው ሲታይ ደግሞ ፈንገሶች ለተክል ሳይሆን ለእንስሳ እንደሚቀርቡ ታወቀ። የተረፋቸውን ስኳር የሚያስቀምጡትም በስታርች መልክ አይደለም፣ ልክ እኛ ጉበታችንና ጡንቻችን ውስጥ እንደምናደርገው በግላይኮጅን መልክ ነው።

ብርሃን ያስፈልገዋል?

ለምግብ አያስፈልገውም። ቁም ሳጥን ውስጥም ጨለማ ውስጥም ይበላል። አንዳንድ ፈንገሶች ብርሃንን ስፖር የሚያወጡበትን ጊዜና አቅጣጫ ለማወቅ ይጠቀሙበታል እንጂ ምግብ አይሰሩበትም።

ዳቦ እኮ ተጋግሮ ነው የሚወጣው፣ ታዲያ ሻጋታው ከየት ይመጣል?

ከአየር ነው። ሲጋገር የዳቦው መሃል 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይደርሳል፣ ያ ሙቀት የሻጋታ ስፖር ይገድላል፣ ስለዚህ ከምድጃ ሲወጣ ንጹህ ነው። ከዛ በኋላ ሲቀዘቅዝ፣ ሲቆረጥ፣ በእጅ ሲነካ፣ ሲታሸግ ነው ስፖር የሚያርፍበት። ስፖር በየቤቱ አየር ላይ አለ፣ ቢላዋው ላይ አለ፣ የዳቦ ማስቀመጫው ጥግ ላይ ከቀረው ፍርፋሪ ላይ አለ። ስፖሩ ደረቅ ቦታ ላይ ካረፈ ዝም ብሎ ይጠብቃል፣ እርጥብ ምግብ ላይ ካረፈ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ አንድ ክር ያወጣል፣ ያ ክር ኢንዛይም ማፍሰስ ይጀምራል። ማስቀመጫውን አልፎ አልፎ ማጠብና በደንብ ማድረቅ በእውነት ለውጥ አለው፣ አዲሱን ዳቦ አሮጌው የሻገተበት ቦታ ላይ ስታስቀምጡት ስፖር እየደፋችሁበት ነው።

ለምን ነው እርጥብ ነገር ላይ ብቻ የሚወጣው? ደርቆ የተሰነጣጠቀ ዳቦ ለምን አይሻግትም?

እኛ ምግብ ደረቅ ቢሆን ምራቅ አለን፣ ውሃ እንጠጣበታለን። ሻጋታ ግን ሁሉንም ነገር የሚያደርገው በውሃ ነው። ኢንዛይሙ ከሰውነቱ ወጥቶ ምግቡ ጋ የሚደርሰው በውሃ ውስጥ ዋኝቶ ነው። ሁለት ግሉኮስ ያያያዘው ማሰሪያ በተበጠሰ ቁጥር አንድ የውሃ ሞለኪውል ራሱ ይገባበታል፣ ያለ ውሃ መቆረጡ አይፈጸምም። የተቆረጠው ስኳርም ወደ ሃይፋው የሚመለሰው ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ነው። ለስላሳ ዳቦ ከክብደቱ ከ35 እስከ 40 በመቶ ገደማ ውሃ ስለሆነ ለሱ ድግስ ነው፣ በደንብ የደረቀ ዳቦ ላይ ግን ስታርቹ በሙሉ እያለ ሻጋታው ሊነካው አይችልም፣ ምግቡ አለ መመገቢያው የለም።

ጨውና ስኳር በብዛት ያለበት ነገር ቶሎ የማይሻግተውም በዚሁ ነው። ማርማላታ ውስጥ ውሃ አለ ግን ስኳሩ አንቆ ይዞታል፣ ሻጋታው ሲነካው ስኳሩ ከሻጋታው ውሃ ይስባል እንጂ አይሰጠውም። ክዳኑ ላይ ያለው ጤዛ ሲንጠባጠብበት ግን እዛች ቦታ ላይ ስኳሩ ይቀጥናል፣ ሻጋታም እዛች ጋ ይጀምራል፣ ብዙ ጊዜ ከላይ ከላይ ብቻ የምታዩት ለዛ ነው።

ሙቀትስ? የዳቦ ሻጋታ በጣም የሚመቸው 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ጥቁሩ ሻጋታ በጣም ይዳከማል፣ አረንጓዴና ሰማያዊ የሚያወጡት እነ ፔኒሲሊየም ግን ቀስ እያሉም ቢሆን ያድጋሉ፣ ፍሪጅ ውስጥ የምታዩት አረንጓዴ ሻጋታ ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው። ፍሪዘር ያቆመዋል፣ ስፖሩን ግን አይገድለውም፣ ሲቀልጥ ካቆመበት ይቀጥላል። አንድ ነገር ልጨምር፣ ፍሪጅ ዳቦን ከመሻገት ቢያዘገየውም ቶሎ ያደርቀዋል፣ ስታርቹ ቅዝቃዜ ላይ ተመልሶ ስለሚጠነክር፣ ስለዚህ ለጥቂት ቀን ከሆነ ውጭ፣ ለረጅም ጊዜ ከሆነ ፍሪዘር እላለሁ።

የፋብሪካ ዳቦ የሚቆየው ለምንድን ነው?

ብዙ ጊዜ ካልሲየም ፕሮፒዮኔት የሚባል ነገር ይጨመርበታል። ይሄ ነገር ወደ ሻጋታው ውስጥ ገብቶ አሲድ ይለቃል፣ ቅድም ያልኳችሁን ሃይድሮጅን ገፊ ፓምፕ ያደክመዋል፣ ሻጋታው ለማደግ የሚያስፈልገውን ጉልበት አሲዱን በማውጣት ይጨርሰዋል። ያዘገየዋል እንጂ ለዘላለም አይከለክለውም።

የሻገተውን ቆርጬ ጥዬ ቀሪውን ብበላስ?

ይሄ ከሁሉም በላይ የሚጠየቅ ነው፣ መልሴም ግልጽ ነው፣ ዳቦ ከሆነ አትብሉት። ቅድም ያዙልኝ ያልኩት ነገር እዚህ ጋ ነው የሚመጣው። ጥቁሩ ወይም አረንጓዴው ነጠብጣብ የሚታየው ሻጋታው ከበላ፣ ካደገና ለመራባት ከደረሰ በኋላ ነው፣ እስከዛ ድረስ ቀለም የሌለው ክሩ ቀዳዳ ቀዳዳ በሆነው ዳቦ ውስጥ ምን ያህል እንደገባ በዓይን አይለይም። ንጹህ የመሰላችሁ ጎን ውስጥም ሊኖር ይችላል፣ ያወጣው ኢንዛይምና ሌላው ኬሚካልም አብሮ አለ።

ብዙ ሻጋታ ሰው አይገድልም፣ ሳያውቅ አንዴ ጎርሶ ምንም ያልሆነ ብዙ ሰው አለ፣ ስለዚህ በስህተት ከበላችሁ አትደንግጡ፣ ከታመማችሁ ግን ሐኪም ጋ ሂዱ። ችግሩ አንዳንዱ ሻጋታ መርዝ ያመርታል፣ የትኛው እንደሆነ ደግሞ በቀለም መለየት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ ውስጥ ከ100,000 በላይ ተርኪ የሚባሉ ትልልቅ የቤት ወፎች ባልታወቀ በሽታ አለቁ፣ ኋላ ሲመረመር የበሉት የኦቾሎኒ መኖ ሻግቶ ነበር፣ አስፐርጊለስ ፍላቨስ የሚባለው ሻጋታ ያመረተው መርዝ ነው የጨረሳቸው፣ ያ መርዝ አፍላቶክሲን ተባለ። አፍላቶክሲን ጉበት ይጎዳል፣ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የጉበት ካንሰር ያመጣል። በተለመደው የማብሰያ ሙቀትም አይጠፋም፣ ስለዚህ "ጠብሼ እበላዋለሁ" የሚለው አይሰራም፣ ጥብሱ ሻጋታውን ይገድለው ይሆናል መርዙ ግን ይቀራል። አፍላቶክሲን በብዛት የሚገኘው ዳቦ ላይ ሳይሆን በደንብ ሳይደርቁ በተከማቹ ኦቾሎኒና በቆሎ ላይ ነው፣ እህል ደርቆ ይቀመጥ የሚባለው ምክር እንዲህ ዓይነት መሰረት አለው።

ጠንካራና ድፍን ነገር ላይ ጉዳዩ ይለያል። ጠንካራ አይብ ወይም ካሮት ላይ ክሩ በቀላሉ ጠልቆ ስለማይሄድ በነጠብጣቡ ዙሪያና ከስሩ 2.5 ሴንቲሜትር ያህል ቆርጦ መጣል ይቻላል፣ ቢላዋው ግን ሻጋታውን እንዳይነካ። ዳቦ፣ ኬክ፣ እርጎ፣ የበሰለ ምግብ፣ ለስላሳ ፍራፍሬ ሁሉ ይጣላል። እና እባካችሁ አፍንጫችሁን አስጠግታችሁ አታሽቱት፣ ስፖሩ ወደ ሳንባ ይገባል፣ በተለይ አስም ያለበት ሰው።

እርሾም ፈንገስ ነው ይባላል፣ እሱስ እንዲሁ ነው የሚበላው?

አዎ ፈንገስ ነው፣ ግን ክር አይሰራም፣ አንድ አንድ ሴል ሆኖ ነው የሚኖረው። የዳቦ እርሾ ስታርችን ራሱ መቁረጥ አይችልም፣ ዱቄቱ ውስጥ ያለው አሚሌዝ ሊጡ ሲቦካ ስታርቹን ይቆርጥለታል፣ እሱ ስኳሩን ይወስዳል። ኦክስጅን ባይኖርም መኖር ይችላል፣ ስኳሩን ወደ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀይራል፣ ሊጡን የሚያስነሳው ጋዝ እሱ ነው። አብዛኛው ሻጋታ ግን ኦክስጅን ይፈልጋል፣ አየሩ ወጥቶ የታሸገ ምግብ ላይ የማይወጣው አንዱ ምክንያቱ ያ ነው።

ሁሉም ፈንገስ የሞተ ነገር ነው የሚበላው?

አይደለም፣ ምግባቸውን የሚመጥጡበት መንገድ አንድ ሆኖ የሚመጥጡበት ቦታ ግን ይለያያል። አንዳንዱ ጥገኛ ነው፣ በሕይወት ያለ ነገር ላይ ይኖራል። ጭርት የሚያመጣው ፈንገስ ለምሳሌ ኬራቲን ይበላል፣ የቆዳችን ላይኛው ሽፋን፣ ፀጉርና ጥፍር የተሰራበትን ጠንካራ ፕሮቲን፣ ለሱ የሚሆን ኢንዛይም ስላለው። የስንዴ ዋግ ደግሞ ህያው ቅጠል ውስጥ ክሩን ያስገባና የተክሉን ሴል ሳይገድል ስኳሩን ይጠባል፣ ተክሉ ከሞተ እሱም ምግቡ ይቋረጣልና።

ከተክል ጋር ተስማምቶ የሚኖርም አለ፣ እንደኔ ይሄ ከሁሉም የሚያምረው ነው። ማይኮራይዛ ይባላል። ፈንገሱ ከተክሉ ስር ጋር ይያያዝና ክሩን አፈር ውስጥ ስሩ ሊደርስበት ወደማይችልበት ሁሉ ይዘረጋል፣ ፎስፈረስና ውሃ ለቅሞ ያመጣለታል፣ ተክሉ ደግሞ በፀሐይ ከሰራው ስኳር ይከፍለዋል። ከመሬት ተክሎች ውስጥ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት እንዲህ ዓይነት ወዳጅ አላቸው፣ ስኮትላንድ ውስጥ በተገኘ 400 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባስቆጠረ ቅሪተ አካል ላይም ታይቷል።

አዳኝም አለ። አፈር ውስጥ የሚኖሩ አንዳንድ ፈንገሶች ከክራቸው ቀለበት ይሰራሉ፣ ኔማቶድ የሚባለው ጥቃቅን ትል በቀለበቱ ሲያልፍ ቀለበቱ በ0.1 ሰከንድ ገደማ አብጦ ያንቀዋል፣ ከዛ ክሩ ትሉ ውስጥ ገብቶ እንደተለመደው ኢንዛይሙን ያፈሳል። እንጨት ላይ ያለ ፈንገስ ናይትሮጅን ስለሚያጥረው ትል ማጥመድ ያዋጣዋል።

እንጨትን ያህል ጠንካራ ነገር እንዴት ይበላሉ?

እንጨት ውስጥ ሴሉሎስ አለ፣ እሱም እንደ ስታርች የግሉኮስ ሰንሰለት ነው ግን አያያዙ ስለሚለይ እኛ ልንፈጨው አንችልም፣ ብዙ ፈንገሶች ግን ሴሉሌዝ አላቸው። አስቸጋሪው ሴሉሎሱን ጠቅልሎ የያዘው ሊግኒን ነው፣ እሱን በደንብ የሚያፈርሱ ፍጥረታት በጣም ጥቂት ናቸው፣ ዋናዎቹም ፈንገሶች ናቸው። ጫካ ውስጥ የወደቀ ግንድ ካያችሁ ቀለሙን ልብ በሉ፣ ነጣ ብሎ እንደ ክር የሚተለተል ከሆነ ቡናማውን ሊግኒን የበላ ፈንገስ ነው የያዘው፣ ቡናማ ሆኖ እንደ ኩብ ኩብ የሚፈረካከስ ከሆነ ደግሞ ፈንገሱ ሴሉሎሱን ወስዶ ሊግኒኑን ነው የተወው። ምን እንደተበላ ከተረፈው ይታወቃል።

በቤት ውስጥ ራሴ ማየት እፈልጋለሁ፣ እንዴት ላድርግ?

ሁለት ቁራጭ ዳቦ ውሰዱ። አንዱን ጥቂት ጠብታ ውሃ አድርጉበት፣ ሌላውን በደንብ ጠብሳችሁ ፍጹም እስኪደርቅ አድርቁት። ሁለቱንም ለአንድ ሰዓት ያህል ክፍት አድርጋችሁ አየር ይንካቸው፣ ከዛ ለየብቻ በሚያሳይ ፕላስቲክ በደንብ አሽጉና ሞቅ ያለ ጥላ ቦታ አስቀምጡ። ከዚህ በኋላ ፕላስቲኩ አይከፈትም፣ ይሄን በተለይ ልጆች ካሉ አደራ፣ ሲያበቃም ከነእሽጉ ነው የሚጣለው።

በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ፎቶ አንሱት፣ ሌንስ ካላችሁ በፕላስቲኩ ላይ አስጠግታችሁ እዩት። ነጭ ክር መጀመሪያ የት ጋ እንደወጣ፣ ስንተኛ ቀን ላይ እንደጠቆረ፣ ጤዛው የትኛው ጎን ላይ እንደቋጠረ ጻፉ። ከሳምንት በላይ ከቆያችሁ ዳቦውን በጎን በኩል ተመልከቱት፣ ሻጋታው በቆየበት በኩል እየሰመጠና እየሳሳ ይሄዳል፣ የጎደለው ዳቦ ከፊሉ ክርና ስፖር ሆኗል፣ ከፊሉም ተቃጥሎ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ እዛው ፕላስቲክ ውስጥ አለ።